በሁዳዴ የወረድንበት መርከብ

ሁዳዴ ነበር፤ ሰማንያዎቹ ሲገቡ። ከሲልቨር ስፕሪንግ ማዶ፣ አሌክሳንድሪያ ወንዝ ዳር፣ ከሰው ጀልባ ሥር ጠልቄ የጀልባውን ሆድ እየፋቅሁ በዚያ እኖር ነበር። ያኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ መጥለቅ ግን እችል ነበር። ግርማ የሲልቨር ስፕሪንግ ታክሲ ነጂ ነው፤ መጥለቅ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። እናንተ ዛሬ መጥለቅ የምትማሩ ልጆች የአየር መለኪያው ሁሉን ይነግረናል ትላላችሁ። የሰውን ሆድ ግን አይነግራችሁም።

ከሰመጠ መርከብ ውስጥ ዓሣ ልናድን በታክሲው ሦስት ሰዓት ነድተን ውቅያኖስ ዳር ደረስን። መንገድ ላይ ለግርማ ዳቦ ብሰጠው እምቢ አለ።

«እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልቀምስም።»

«ዓሣ ልትገድል እየሄድክ?»

«የምገድለው ለፋሲካ ነው። ዝም ብለህ ብላ፣ አንተ አረመኔ።»

ነፋሱ ከሰሜን ነበር፤ ውሃው አመድ መስሏል። የተከራየነው ጀልባ ካፒቴን፣ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ፣ የአየር ታንካችንን ነካክቶ «በልታችኋል?» አለ። ሆዱ ባዶ የሆነን ሰው ውሃ ውስጥ አያወርድም። ግርማ ዓይኑን ሳያሽ «አዎ» አለው። እኔ የሰው ጾም ፈረንጅ ፊት አይወራም ብዬ ወደ ባሕሩ ዞርኩ።

መርከቡ ሠላሳ ሜትር ታች በጎኑ ተኝቷል። ብርዱ በጎማ ልብሱ ስፌት እየገባ አጥንት ይቆረጥማል። በሩ ላይ ገመድ አስረን ወደ ዕቃ ማከማቻው ገባን። አንድ ጥቁር ዓሣ ከብረቱ ሥር ብቅ ሲል ግርማ ጦሩን ለቀቀበት። ሳተው። ዓሣው ሲገለበጥ የስንት ዓመት ደለል ተነሣ፤ ባትሪዬ የገዛ እጄን አላሳይ አለኝ።

ግርማን በዳበሳ አገኘሁት። ቅድም ይንቀጠቀጥ ነበር፤ አሁን መንቀጥቀጡን ትቷል። ያስፈራኝ እሱ ነው፤ ባዶ ሆድ ሙቀቱን ሲጨርስ ሰውነት መንቀጥቀጥ ያቆማል። ገመዱን ለቆታል፤ አየር የሚስብበት ጎማ ከከንፈሩ እየሾለከ ነው። ጎማውን በመዳፌ አፉ ላይ ደፍኜ፣ በሌላው እጄ ገመዱን ይዤ፣ በጉልበቴ እየገፋሁ በሩ ጋ አደረስኩት። ታንኩን የበሩ ብረት ያዘው። የእኔ አየር እያለቀ ነው። ትቼው ብወጣ እተርፋለሁ አልኩ፤ አልዋሻችሁም፣ አስቤዋለሁ። ሁለቴ ጎተትኩት፣ አልሆነም። በሦስተኛው ተላቀቀ።

ጀልባው ላይ ካፒቴኑ ትኩስ የዶሮ መረቅ አመጣ። ግርማ ሽታውን ሲያውቀው ጥርሱን ገጠመ።

«ተወኝ» አለኝ።

«ዝም በል» ብዬ መንጋጋውን ፈልቅቄ አጠጣሁት።

ተረፈ። «ጾሜን አስገደፈኝ» እያለ ለሰው አወራ እንጂ ከዚያ ወዲህ አላናገረኝም። በመረቁ አልጸጸትም፤ ዛሬም አጠጣዋለሁ። የሚቆጨኝ በዚያ «አዎ» ላይ ዝም ማለቴ ነው። ስለዚህ ከእኔ ጋር የሚወርድ እያየሁት ይበላል። የማይበላ ጀልባው ላይ ይቀመጣል፣ ጻድቅም ቢሆን።