እኔ ልቅደም

አጎቴ የሆድ ዕቃ ከቀረበ ማንንም አያስቀድሙም ነበር። ጨጓራም ይሁን ኩላሊት፣ «የሆድ ነገር አይታወቅም፣ እኔ ልቅደም» ብለው ይቀምሳሉ። ትንሽ ይቆዩና «ብዪ፣ ሰላም ነው» ይሉኛል።

ሥራ የያዝኩ ጊዜ ከምንኖርበት ሰፈር ከሳውዝ ሲ ይዣቸው ወጣሁና ናይሮቢ መሃል ከተማ ያለ የስፔኖች መጠጥ ቤት ጋበዝኳቸው። ምግቡን በትንንሽ ሳህን ነው የሚያቀርቡት። በቀይ መረቅ የተሠራ ጨጓራ ሲመጣ የአጎቴ ፊት ተለወጠ።

«እነዚህ ሰዎች አሳማ ይበላሉ አሉ» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

አስተናጋጁን በስዋሂሊ ጠየቁት። «ያ ንጎምቤ፣ ምዜ» አላቸው፤ የከብት ነው፣ አባት ማለቱ ነው። አላመኑትም።

«ይቅርብን ጋሼ» አልኩ። ፍርሃታቸው ተጋብቶብኝ ነበር።

«አንዴ ቀርቧል። ኃጢአትም ከሆነ በእኔ ይሁን።»

አማተቡ። አኘኩ፣ ዋጡ፣ ከዚያ ዝም አሉ። ያን ዝምታ እስከ ዛሬ እፈራዋለሁ። በመጨረሻ «ብዪ፣ ሰላም ነው» አሉኝ።

ከአጎቴ ቀብር በኋላ ብቻዬን እዚያው ቤት ሄድኩ። ያው ጨጓራ መጣ፤ ሳልነካው ቀዝቅዞ ተመለሰ።

ጋሼ፣ ሞትን ከልጅነቴ ጀምሮ እንደምፈራ ያውቃሉ። እሱንም ቀድመውኝ ቀመሱት። ከባዶ ወንበርዎ ፊት ለፊት ቁጭ ብዬ ብጠብቅ ብጠብቅ፣ ይህን አንዱን «ሰላም ነው» አላሉኝም።