«እኔ ምን አውቃለሁ» ያስጣለኝ ፈተና

የልጅ ልጆቼ በተሰበሰቡ ቁጥር «እማማ፣ የሲቲዝንሺፕ ፈተናውን እንዴት ፌል እንዳደረግሽ ንገሪን» ይሉኛል። እንዴት እንዳለፍኩ የሚጠይቀኝ አንድም የለም። የሚያስቃቸው መውደቄ ነው። እሺ፣ ልጻፈውና ይረፉ፤ እኔም ልረፍ።

ያን ጊዜ ኦክላንድ ከገባሁ ሃያ ዓመት አልፎኝ ነበር። እነሱን ሳሳድግ፣ ዛሬ ነገ ስል፣ በግሪን ካርድ ብቻ ኖርኩ። ትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጠ ሰው ፈተና ሲባል ይሸሻል፤ እኔም ሸሸሁ። ኋላ ግን ደሴ ያለችው ታላቅ እህቴ ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረ። ባል የላት፣ ልጅ የላት። ሄጄ እስክትድን አብሬያት ልቀመጥ አሰብኩ። በግሪን ካርድ ሄዶ ከዓመት በላይ መቀመጥ መመለሻውን ያበላሻል አሉኝ፤ ዜጋ ከሆንኩ ግን የፈለግሁትን ያህል መቆየት እችላለሁ። እንግዲህ በእኔና በእህቴ መካከል የቀረው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ሆነ።

ለዕድሜዬና ለኖርኩበት ዘመን ሲባል በአማርኛ፣ በአስተርጓሚ እንድፈተን ተፈቀደልኝ። አስጠኚዬ ትልቋ የልጅ ልጄ ነበረች፤ ያኔ ሃይስኩል ናት። እኔ ደግሞ ቁጭ ብዬ መማር አልችልም፤ እግሬ ካልሄደ ጭንቅላቴም አይሄድም። ስለዚህ ሌክ ሜሪት የሚባለውን የከተማችንን ሐይቅ እየዞርን፣ እሷ ስልኳን፣ እኔ ዝይዎቹን እያየን አጠናን።

እንዴት ያለ አድካሚ መንግሥት ነው! ሥልጣኑን ሦስት ቦታ ቆራርጠውታል። አንዱ ሕግ ያወጣል፣ አንዱ ያስፈጽማል፣ አንዱ ይተረጉማል። እነዚያ ያወጡትን ፕሬዚዳንቱ አልፈርምም ይላል፤ የፈረመውን ደግሞ ፍርድ ቤቱ ያፈርሰዋል።

«ታዲያ ሥራ የሚሠራው ማነው?» አልኳት።

«እማማ፣ ዛት ኢዝ ዘ ፖይንት! ኪንግ ነበራቸው፣ ጠሉት። አንድ ሰው ብቻውን እንዳያዝ ነው።»

«እና በአንድ ንጉሥ ምክንያት ነው እኔን የሚያንከራትቱኝ?»

ሴኔቱ ጋ ስንደርስ ጭራሽ ባሰብኝ። ይህን የሚያህል ካሊፎርኒያ ሁለት ሴናተር፤ ሰው የማይበዛባት ሚጢጢ ስቴትም ሁለት!

«ትንንሾቹ እኩል ካልሆንን አንገባም አሉ» አለችኝ በተሰባበረ አማርኛዋ። «ትልልቆቹ ኖ፣ በሕዝብ ብዛት ይሁን አሉ። ስለዚህ ሁለት ሃውስ፣ ሁለት ምክር ቤት አደረጉ። አንዱ እንዲህ፣ አንዱ እንዲያ።»

«ሽምግልና ነዋ! ይኼን መጀመሪያ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?»

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ቀለለኝ። አዳራሽ ዘግተው የሚጨቃጨቁ ሽማግሌዎች አድርጌ ሳስባቸው፣ መልሱ ሁሉ አንድ በአንድ ልቤ ውስጥ ገባ።

ቀኑ ደረሰ። አስተርጓሚ ሆና የመጣችልኝ የቤተ ክርስቲያናችን ሰው ናት፤ ሳን ሆዜ የምትኖር ነርስ። እኔ ያልኩትን ብቻ፣ ሳትጨምር ሳትቀንስ እንድትናገር ቃል አስገቧት። ፈታኟ መነጽር ያደረገች፣ ፊቷ የማይከፋ ሴት ናት።

«የአገሪቱ የበላይ ሕግ ምንድን ነው?» አለችኝ።

አውቀዋለሁ፤ ሕገ መንግሥቱ ነው። ግን ትልቅ ሰው ሲጠየቅ ዘው ብሎ አይመልስም። በእኛ ወግ መጀመሪያ ዝቅ ይባላል፤ ጠያቂው «ኧረ ይበሉ እንጂ» ይላል፤ ከዚያ ይነገራል። እኔም «ኧረ እኔ ምን አውቃለሁ» ብዬ፣ ነጠላዬን አስተካክዬ፣ እስክትለምነኝ ጠበቅሁ። ነርሷ ተረጎመች። ፈታኟ አንድ ነገር ጻፈችና ወደሚቀጥለው አለፈች።

ምን ዓይነት አስተዳደግ ነው አልኩ በሆዴ። ሁለተኛውም እንዲሁ ሆነ። ሦስተኛውም፣ አራተኛውም። አንድ ጊዜ እንኳ «ይበሉ እንጂ» አትልም! አምስተኛውንም እንዲሁ ካልኩ በኋላ ዞር ብዬ ነርሷን ባያት ፊቷ አመድ መስሏል። ያኔ ነው የነቃሁት። ስድስተኛው ከአፏ ሳያልቅ መለስኩ። እስከ አሥረኛው ድረስ አንድም አልሳትኩ። ለማለፍ ከአሥሩ ስድስት ነው የሚፈለገው። እኔ አምስት።

መኪና ውስጥ ገብተን ነርሷን «ምነው ስወድቅ ዝም ብለሽ አየሽኝ?» አልኳት።

«እማማ፣ ያሉትን ነው ያልኩት! አላውቅም አሉ፣ አላውቅም አልኩ!»

«ለአፍ ወግ ነው እንጂ!»

«ወጉን ለእኛ ይበሉት፤ ለመንግሥት ግን አይበሉት!»

በማግስቱ ለእህቴ ደወልኩላት። «ሃያ ዓመት ተቀምጠሽ አሥር ጥያቄ አቃተሽ?» ብላ ሳቀችብኝ። ከዚያ ድምጿ ወረደ። «ውሃ እንኳ የሚያቀርብልኝ ጎረቤት ነው። ሳልሞት ድረሽ እንጂ።» ስልኩን ዘግቼ በራሴ ተናደድኩ። ለጨዋነት ብዬ እህቴን አስጠበቅኋት።

ሁለተኛው ዕድል ከሁለት ወር በኋላ ነበር። የልጅ ልጄ አዲስ ደንብ አወጣችብኝ። ሐይቁን ስንዞር አንድ ጊዜ «እኔ ምን አውቃለሁ» ካልኩ፣ ወደ ተነሣንበት አግዳሚ ወንበር ተመልሰን እንደገና እንጀምራለን። በመጀመሪያው ቀን ከወንበሩ ፈቀቅ ሳንል መሸ። ጉልበቴ አለቀ፤ ምላሴ ግን ተገራ።

ፈተናው ላይ እንደ ባለጌ ልጅ የፈታኟን አፍ እየቀደምኩ፣ ለማለፍ የሚበቁትን ስድስቱን በተከታታይ መለስኩ። ፈታኟ ስትስቅ እኔ አፍሬ መሬት መሬት አያለሁ። ፓስፖርቴ በወጣ በሳምንቱ ተሳፈርኩ። እህቴ በሁለት ሰው ተደግፋ ከበሩ ላይ ጠበቀችኝ። ሁለት ክረምት አብሬያት ከረምኩ፤ ስመለስ በከዘራ ብቻዋን ሸኘችኝ።

ያች አስጠኚዬ ዛሬ ሕግ ትማራለች። በቀደም ቴሌግራፍ አቬኑ ላይ ካለ ምግብ ቤት ምሳ ስንበላ አንድ ነገር ነገረችኝ፤ ያኔ በዚያ ሁሉ ዙረት መካከል ለምን እንዳልነገረችኝ እስካሁን ይቆጨኛል። ሕገ መንግሥቱን ለማውጣት ከተሰበሰቡት ሁሉ በዕድሜ ትልቁ ከሰማንያ ያለፈ በሽተኛ ሽማግሌ ነበር። በመጨረሻው ቀን የሚለውን ጽፎ መጣ፤ ቆሞ ማንበብ ስላቃተው ሌላ ሰው ተነሥቶ አነበበለት። አንዳንዱ አንቀጽ እንዳልጣመው፣ ግን ዕድሜው በገፋ ቁጥር በራሱ ፍርድ መጠራጠር እንዳበዛ፣ ምናልባትም የተሳሳተው እሱ እንደሚሆን አስነበበ። በእኛ ወግ «እኔ ምን አውቃለሁ» አለ ማለት ነው። ከዚያ ፈረመ።