በወለተሥላሴ ስም የወጣው ወረቀት

ወለተሥላሴ ከስፕሪንግፊልድ ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ በአውቶቡስና በባቡር እየተመላለሰች ስድስት ዓመት አብራኝ ሠርታለች። ቢሯችን የኢሚግሬሽን ፎርም ይሞላል፣ ሰነድ ይተረጉማል። እሷ የተበላሸ ወረቀት እንኳን አትጥልም፤ ጀርባውን ለማስታወሻ ትቆርጠዋለች።

ባለፈው ዓመት አለቃችን ጋሼ በፈቃዱ ፕሪንተሮቹን በኔትወርክ አስገናኙ። አንዱ እኛ ጋ ነው፣ አንዱ አሌክሳንድሪያ ያለው ቅርንጫፍ። ማን ስንት ገጽ ፕሪንት እንዳደረገ በየወሩ በኢሜይል ይመጣላቸዋል። የገጠመው ፈረንጅ ለማሽኑ የመግቢያ ስም ሲሰጠን የሁላችንንም ላስት ኔም ወሰደ። ላስት ኔም ለኛ የአባት ስም ነው። የወለተሥላሴ አባት ደግሞ በፈቃዱ ይባላሉ። ከአለቃችን ጋር ግን ዝምድና የላቸውም።

በሁለተኛው ወር ጋሼ ሰብስበውን ሪፖርቱን አነበቡልን። የኛ ሦስት መቶ፣ አራት መቶ ገጽ ነው። የሷ ሁለት ሺህ ስድስት መቶ። ለማን ነው የምታወጪው ብለው ጠየቋት። ለማንም አላወጣሁም አለች።

"ይሄ ቢሮ እኮ የማኅበርሽ ማተሚያ ቤት አይደለም። ሌብነት ነው ይሄ" አሏት።

ሁለት ሰዎች ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም፣ ግን ዝም አልኩ። ያ ዝምታዬ እስካሁን ያስጠላኛል። እስከ ዓርብ ካላመነች ሥራዋን እንደምትለቅ ነገሯት። ከዚያ በኋላ ፕሪንተሩ ጋ በሄደች ቁጥር አንዷ "ቆጥረሽ ነው?" ትላታለች። ሰው እንደዚህ ሲሆን ያቅለሸልሻል።

ሐሙስ ዕለት ሙደሲር የሚባለው የፕሪንተር ጠጋኝ የቀለም ቶነር ሊቀይር መጣ። ወለተሥላሴ ፈራ ተባ እያለች የሆነውን ነገረችው። ኢሜይሉ ድምሩን ብቻ ነው የሚያመጣው፣ ዝርዝሩ ማሽኑ ላይ አለ አላትና የሁለቱንም ፕሪንተሮች ዝርዝር በኔትወርኩ አወጣላት። ሁለት ሺህ ሦስት መቶው የወጣው አሌክሳንድሪያ ነው። እሷ እዚያ ቢሮ ረግጣ አታውቅም። የተላከው ከጋሼ ላፕቶፕ ነው። የሳቸው መግቢያ በአባታቸው ስም ነበር፤ ማሽኑ ስም ሲጠይቃቸው ግን ሐበሻ እንደሚያደርገው የራሳቸውን ጻፉ። በፈቃዱ ብሎ የሚያውቀው ደግሞ እሷን ነው።

ምን እንዳተሙም ዝርዝሩ ላይ አለ። ለአካባቢው ሐበሾች እድር ሊቀመንበርነት ሊወዳደሩ የራሳቸውን ፎቶ፣ በከለር፣ ከሥሩ "ታማኝ ሰው ይምረጡ" የሚል። ሳየው አንገሸገሸኝ።

ዓርብ ዝርዝሩን ሁላችንም ባለንበት ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጠችላቸው። ትንሽ አዩት።

"አይ እንግዲህ፣ የስም መመሳሰል ነው" አሉ እየሳቁ። "አንቺም ስምሽን ቀይሪያ።"

"የአባቴ ስም ነው፣ የት ወስጄ እቀይረዋለሁ? ሰው ፊት ነው ሌባ ያሉኝ ጋሼ፣ ሰው ፊት ስሜን ይመልሱልኝ።"

ማሽን ይሳሳታል፣ አሁን ሥራ ላይ ነኝ አሏት። ቆማ ጠበቀች። ስልክ አነሱ። ያን ጊዜ የቢሮውን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ ኮቷን ለብሳ ወጣች። አልተመለሰችም።

ከሰዓት ጋሼ ያንን ፎቷቸው ያለበትን ወረቀት ሃምሳ ሃምሳ አድርገው ለእያንዳንዳችን አደሉን፣ ለምታውቁት ስጡ ብለው። የኔን ባቡር ጣቢያው ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ከተትኩት። ደስ አላለኝም። መናገር የነበረብኝ ሲሰድቧት ነበር።