የጎረቤላው ጭብጨባ

ባለፈው ወር ጎረቤላ ላይ አንድ አዳራሽ ሙሉ ሰው አጨበጨበልኝ... እኔ ግን ጭብጨባውን አላስታውሰውም።

ከመጀመሪያው ልጀምር። ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ነኝ። የምሰራው ጭንቅላታቸውን የተመቱና የአንጎል ሕመም ያለባቸው ሰዎች በሚተኙበት ክፍል፣ እኛ ዋርድ በምንለው ውስጥ ነው፤ እዚያው አረጀሁ ማለት ይቻላል። አሁን አሁን ደግሞ በየወረዳው እየዞርኩ ለጤና ጣቢያ ነርሶች ስልጠና እሰጣለሁ። አንዳንዱ የሚመጣው ለሙያ ፈቃድ ማደሻ የምትሆነዋን ነጥብ ፍለጋ ነው። ይምጣ ብቻ፤ ሳይማር አይወጣም።

የኔ ስልጠና በአንድ ነገር ይታወቃል። በተግባር ልምምዱ ላይ፣ ጭንቅላቱን ተመትቶ የሚቀባዥረውን ታካሚ ሆኜ የምጫወተው እኔው ራሴ ነኝ። «የት ነው ያሉት?» ስባል መልሴ ሁልጊዜ አንድ ነው... «ደነባ ገበያ፤ ሙክት ልሸጥ መጥቼ።» የትም ብሄድ በዚህ ያልሳቀ ሰልጣኝ የለም።

የዚያን ዕለት አብራኝ የሄደችው ሰብለ ናት። ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣች እጇን ይዤ ያሰለጠንኳት ልጅ ናት። ዝምታዋ ለጉድ ነው፤ የነገርኳት ይግባት አይግባት እንኳ በፊቷ አይታወቅም። በልምምዱ ላይ እየጠየቀች የምትመረምረኝ እሷ ስለሆነች፣ ደነባን ሰምታ ሰምታ መሳቅ ካቆመች ቆይታለች።

ጎረቤላ ስንደርስ ጉሙ ወርዶ ነበር። የጤና ጣቢያውን ደረጃ ስወጣ አዳለጠኝና ወደ ኋላ ወደቅኩ። ጭንቅላቴ ድንጋዩን መታው። ሰብለ ሮጣ መጣች።

«ሲስተር፣ ቁጭ ይበሉ እስቲ ልይዎት።»

«ሂጂ ወዲያ! ምንም አልሆንኩም።»

እውነቱን ለመናገር ከምቱ ይልቅ ያንገበገበኝ ጥበቃው ሳቁን ሲውጥ ማየቴ ነው። ልብሴን አራግፌ ገባሁ፤ ጠዋቱንም እያስተማርኩ አረፈድኩ። ራሴን ይወጋኛል... ብርዱ ነው ብዬ ተውኩት። አፌ ደግሞ «ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ደህና ነኝ ስላለ አትልቀቁት» እያለ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለውን የነገሩኝን ነው የምጽፈው።

ከሻይ ዕረፍት በኋላ ልምምዱ ተጀመረ። እንደ ልማዴ ጠረጴዛው ላይ ተጋደምኩ። ሰብለ ጓንቷን አጥልቃ ቀረበች።

«እናቴ፣ አሁን የት ነው ያሉት?»

«ዋርድ ነኛ። ተረኛ ሆኜ የት እሄዳለሁ?»

ሰዉ ሳቀ። ሰብለ ጎንበስ ብላ ፊቴን አየችና ቀጠለች።

«ወሩ ማን ነው?»

«ጳጉሜ።»

ሳቁ ባሰ። ዓይኔን ጨፍኜ ሁለቱንም እጆቼን ወደፊት እንድዘረጋ አዘዘችኝ። ዘረጋሁ። ቀኙ ባለበት ቆመ፤ ግራው ግን ቀስ እያለ ወደ ታች ወረደ። አንዱ ሰልጣኝ «ኧረ እኚህ ሴትዮ ቲያትር ቤት ነበር መቀጠር የነበረባቸው!» አለ። አዳራሹ ያጨበጨበው ያኔ ነው።

ሰብለ ብቻ አላጨበጨበችም። እጇን አንስታ ሁሉንም ዝም አሰኘች።

«ሲስተር ደነባን አላሉም» አለች።

ማንም አልገባውም። ይህን ጊዜ ያቺ ዝምተኛ ልጅ ድምጿን ከፍ አደረገች። «እየተጫወቱ አይደለም። ጠዋት ወድቀው ነበር። አምቡላንስ ይጠራ፣ አንገታቸውን ያዙልኝ፣ ማንም እንዳያስነሳቸው!»

ሰልጣኞቹ ጠዋት የተማሩትን ከሰዓት ሳይደርስ በአስተማሪያቸው ላይ ሰሩት። አንዱ አንገቴን ደገፈ፣ አንዷ የዓይኔን ብሌን በባትሪ አየች፣ ሌላው ቀድሞ ለደብረ ብርሃን ደወለ። እኔ አምቡላንስ ውስጥም «አንቺ ልጅ፣ ስልጠናዬን አበላሸሽብኝ» እያልኩ ስሳደብ ነበር አሉ። የሰብለ መልስ አንድ ብቻ ነው... «እሺ ሲስተር። አሁን የት ነው ያሉት?»

መንገዱን ሙሉ ጠየቀችኝ። ደብረ ብርሃን ልንደርስ ስንል ስድቡንም መልሱንም አቆምኩ። ሾፌሩ እንደነገረኝ፣ እሷ እንባዋ እየወረደ መጠየቋን አላቋረጠችም።

ሲቲ ስካን ሲነሳ ከራስ ቅሌ ስር ደም ተቋጥሮ አንጎሌን እየተጫነው ነበር። ወዲያው ወደ አዲስ አበባ ተላክሁ፤ ተሰራልኝ። ቀዶ ሕክምናውን የሰራው ሐኪም ለልጄ «እናትሽን ያተረፈቻቸው ያቺ ነርስ ናት» ብሏታል። ልጄ ይህን ስትነግረኝ በኩራት አለቀስኩ። ብዙ ሰው አስተምሬያለሁ፤ ትምህርቴ ዞሮ መጥቶ ነፍሴን ያድናል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። ያውም «ሂጂ ወዲያ» ባልኳት ልጅ እጅ።

ስነቃ መጀመሪያ ያየሁት ሰብለን ነው። ተራዋን ከሰው ጋር ተቀያይራ መጥታ፣ ዓይኗ ቀልቶ፣ ፀጉሯ ተንጨባርሮ አጠገቤ ቆማለች። ሰላም እንኳ አላለችኝም።

«ሲስተር፣ አሁን የት ነው ያሉት?»

ዙሪያዬን አየሁ። ሆስፒታል መሆኔን አውቄያለሁ፤ ራሴ በፋሻ መታሰሩንም አውቄያለሁ።

«ደነባ ገበያ» አልኳት። «ሙክት ልሸጥ መጥቼ።»

ያቺ ፊቷ የማይነበብ ልጅ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ፣ እየሳቀች ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

የት እንዳለ ተጠይቆ፣ ተሳስቶ ሙሉ ነጥብ ያገኘ ታካሚ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።