መዝገቡ «ወባ» ይላል

ለተከበራችሁ የነገሌ ቦረና ነዋሪዎች፣ ሊበን ላላችሁ ዘመዶቼ፣ እንዲሁም እስከ ሜጋና አሬሮ ለተበተናችሁ የልጅ ልጆቼ በሙሉ... ከእሁድ ጀምሮ ጠፍቶ የሰነበተው ሰው ሠራሽ የፊት ጥርሴ ማክሰኞ ማለዳ በሙሉ ልብሴ ኪስ ውስጥ፣ ከግማሽ ከረሜላ ጋር ተጣብቆ የተገኘ መሆኑን በታላቅ ደስታ እገልጻለሁ። በፍለጋው ለተባበራችሁኝ ምስጋናዬ ይድረሳችሁ። ድመቷን የጠረጠራችሁ ይቅርታ ጠይቋት።

ጥርሱ የተፈለገው ለሥጋ አልነበረም። ለንግግር ነው።

የዚያኑ ቀን ጠዋት በከተማው አዳራሽ ስብሰባ ነበር። ጤና ጣቢያው ጽንስ የሚቋረጥበት ክፍል ሊከፍት ነው ተብሎ ሕዝቡ እንዲወያይበት ተጠራ። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ተቃውሟችንን የሚናገር ሰው ሲፈልጉ እኔን መረጡ። ሠላሳ ዓመት ክሊኒክ ውስጥ ድሬሰር ነበርኩ፤ ቁስል አጥቤያለሁ፣ መርፌ ወግቻለሁ። ሰው «ዶክተር» ይለኛል... እኔም አላርምም።

ወንጌላዊው የምናገረውን ሦስት ገጽ አድርጎ ጽፎ ሰጠኝ። በሁለቱ ባለቤቴ በርበሬ ጠቀለለችባቸው። በአንዱ ሄድኩ።

ሰብሳቢው ልጅ ሳለ በእጄ የከተብኩት ነው። እስከ ዛሬ ሲያየኝ ግራ ክንዱን ይይዛል። ክንዱን እንደያዘ አምስት ደቂቃ ሰጠኝ።

ተናገርኩ። የማምንበትን ነውና ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። በማህፀን ያለው ነፍስ ነው፣ ሰጪው እግዚአብሔር ነው፣ መንግሥት ክፍል ስለከፈተለት ኃጢአትነቱ አይቀርም አልኩ። ዛሬም የማምነው ይህንኑ ነው። እዚያ ላይ ብቀመጥ ኖሮ ጥሩ ነበር። ግን ጭብጨባው ጣፈጠኝና ወረቀቱ ላይ የሌለ ነገር ጨመርኩ።

«በድብቅ እያስወረዱ ይሞታሉ የሚባለው ሌላ አገር ነው። እኔ ሠላሳ ዓመት መዝገብ ይዣለሁ። በዚህ የሞተች አንዲትም የለችም።»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ሰብሳቢው እንኳ ክንዱን ለቆ መጻፍ ጀመረ። ከቃለ ጉባኤው ጋር ስለሚያያዝ፣ ያልኩትን በጽሑፍ አድርጌ፣ ፈርሜበት እስከ ዓርብ እንዳስገባ ነገረኝ። እኔም ደረቴን ነፍቼ ተቀመጥኩ።

ያኔ ከሴቶቹ ረድፍ አንዲት እናት ተነሣች። ወተት በየቤቱ የምታዞር ናት፤ እኛም ቤት ታመጣለች። ስሟን አልጠራም።

«ናጋ፣ ዶክተር» አለች በዝግታ፣ በቦረናዎች ሰላምታ። «የኔ ልጅስ? ያቺ የወባዋ?»

ሰው ግራ ተጋባ። ከኋላ አንድ ሁለቱ ሳቁ። ሰብሳቢው በትሕትና፣ እማማ፣ ዛሬ ወባ አጀንዳችን አይደለም አላት። እሷም ተቀመጠች።

የገባው ለእኔ ብቻ ነበር።

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ነው። ይህችው እናት ልጇን በከብት መኪና ጭና ከሊበን ገጠር ቀትር ላይ ክሊኒካችን ደረሰች። ልጅቱ ዐሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። ለማስወረድ ብላ ሰው የሰጣትን ሥር ቀቅላ ጠጥታለች። ደሙን ማቆም አልቻልንም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ዐረፈች።

እናትየዋ እጄን ይዛ የለመነችኝ አንድ ነገር ነው... አባቷ እንዳያውቅ፣ ሰው ልጇን በክብር እንዲቀብርላት። መዝገቡን ገለጥኩ። የሞት ምክንያት በሚለው ቦታ «ወባ» ብዬ በገዛ እጄ ጻፍኩ። የወባ ወቅት ስለነበር ማንም አልጠየቀኝም። ለእናትየዋ ምሕረት ያደረግሁ መስሎኝ ነበር። አሁንም ይመስለኛል።

ማክሰኞ ግን ያንኑ መዝገብ ምስክር አድርጌ ጠራሁት... እናትየዋ ፊት።

ከዚያማ ምን አደርጋለሁ፣ ብድግ አልኩ። ማይኩን መልሼ ተቀበልኩና «ዋሽቻችኋለሁ። አንዲት አለች። ወባ ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኩ። እናትየዋም በሻሿ ጫፍ ዐይኗን ጠረገች።

...

የልጅ ልጆቼ ይህን ስታነቡ «ሽማግሌው ዛሬ ደግሞ የቱን ፈጠረ?» እንደምትባባሉ ዐውቃለሁ። ጥርሱ እውነት ነው። ከረሜላውም እውነት ነው፤ ኋላ በልቼዋለሁ። የፈጠርኩት ሁለተኛ መነሣቴን ነው።

አልተነሣሁም። ስብሰባው እስኪያልቅ ጥርሴን በምላሴ እየነካካሁ ተቀመጥኩ። ሰው እየጨበጠኝ፣ «ጎበዝ ዶክተር» እያለኝ ወጣ። አላረምኩም።

ትናንት ጠዋት ወተቷን ይዛ ስትመጣ በር ላይ ጠበቅኋት። ክፍሉን አሁንም እንደምቃወም ነገርኋት። ያንን የዓርቡን ወረቀት ግን እንዳለ ልፈርምበት እንዳልቻልኩ፣ ስለ ልጇ እውነቱን ልጽፍበትና ለሰውም ልናገር ትፈቅድልኝ እንደሆነ ጠየቅኋት።

ወተቱን ለክታ ጨረሰች። ጣሳዋን ከደነችና ቀና አለች።

«አባቷ ከሞተ ቆየ፤ ከእንግዲህ ማንን እንፈራለን? ይጻፉ» አለችኝ። «ብቻ ወባ ብለው እንዳይጽፉ።»