የሚያሸንፈኝ ሰው ፍለጋ

ፒንግ ፖንግ ለመጀመሪያ ጊዜ በተጫወትኩ ዕለት በዳባት ከተማ ተወዳዳሪ የለውም የሚባለውን ሰው አሸነፍኩት። እኔ አርባ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ራኬቱ እንዴት እንደሚያዝ ያሳየኝም ራሱ ነበር። ሦስት ጊዜ በተከታታይ ኳሷን መረቡ ላይ ሲለጥፋት፣ "ዛሬ እጄ እምቢ አለኝ ቲቸር" አለኝ። እጁን አየሁት፤ ምንም አልሆነም። ቀና ብዬ ዓይኑን ሳየው ወደ መስኮቱ ዞረ።

ነገሩ የጀመረው መስከረም ላይ፣ ጎንደር ሄጄ ከተመረመርኩ በኋላ ነው። ሐኪሟ ልቤ ከልኩ በላይ መስፋቱን ነገረችኝና መድኃኒት ጻፈችልኝ። ቀስ እያልክ ተንቀሳቀስ፣ ራስህን ግን አታስጨንቅ አለችኝ። እኔ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። የልብን አራት ክፍሎች ሰሌዳ ላይ በጠመኔ መሳል ከጀመርኩ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖኛል፤ የራሴው ጉድ ይሠራኛል ብዬ ግን አንድም ቀን አስቤ አላውቅም። ስመለስ ሚኒባሳችን አምባ ጊዮርጊስ ላይ ቆሞ ሰው ሲጭን፣ አንድ ጎልማሳ ኩንታል ጤፍ ትከሻው ላይ አድርጎ እያፏጨ ሲያልፍ አየሁ። እንዴት እንደቀናሁበት ለመናገር ያሳፍረኛል።

ቤት ስገባ ባለቤቴ "ምን አሉህ?" አለችኝ።

"ጨጓራ ነው" አልኳት።

ጨጓራ የማያመው መምህር ስለሌለ አመነችኝ፤ ወይም ያመነችኝ መሰለኝ። መድኃኒቱን ጠመኔ በማስቀምጥበት ካርቶን ውስጥ ደበቅሁት። በዚያው ሳምንት ከራሴ ጋር ተወራረድኩ፤ ከመስቀል እስከ ገና አሥር ዓይነት ስፖርት እሞክራለሁ አልኩ። በማን ላይ እንደሆነ ባይገባኝም እልህ ይዞኝ ነበር። ዝርዝሩን የትምህርት ዝግጅት ደብተሬ የመጨረሻ ገጽ ላይ ጻፍኩት።

የልቤን ነገር የሚያውቅ ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ የንስሐ አባቴ። አባቴን የቀበሩት፣ እኔን ያጋቡኝ፣ ልጆቼን ክርስትና ያነሡልኝ እሳቸው ናቸው። ሚስቴን መዋሸቴ እንቅልፍ ስለነሣኝ ሄጄ ተናዘዝኩ። ብዙ ስግደት ያዙኛል ብዬ ስጠብቅ፣ "ቀኖናህ ሄደህ ለእሷ መንገር ነው" ብቻ አሉኝ። እሺ ብዬ ወጣሁ። አልነገርኳትም።

ከዚያ ድል በድል ሆንኩ። በጤና ቡድናችን እግር ኳስ ተከላካዮቹ ለሠርገኛ እንደሚለቅ ሰው መንገድ ለቀቁልኝና ሁለት ጎል አገባሁ። ቴኳንዶ ቤት አብሮኝ የቆመው ሠልጣኝ እግሬ ሳይነካው ተዘረረ፤ በእግሬና በሆዱ መካከል ቢያንስ አንድ ክንድ ነበር። ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ብስክሌት ስንወዳደር፣ ከሁሉም ፈጣን የሆነው ሰውዬ ሰንሰለቴ ወለቀ ብሎ ዳር ያዘ። ሰውዬው ብስክሌት ጠጋኝ ነው። ዞር ብዬ ሳየው ጎንበስ ብሎ ያልወለቀ ሰንሰለት እየነካካ ነበር።

እኔ በተፈጥሮዬ ሰው ቶሎ የማምን አይደለሁም። ሃያ ሁለት ዓመት ፈተና ስፈትን የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ሁለት ተማሪ አንድ ዓይነት ስሕተት ከሠራ አንዱ ከሌላው መቅዳቱን አውቃለሁ። እዚህ ደግሞ ከተማው በሙሉ አንድ ዓይነት ስሕተት እየሠራ ነው። መጀመሪያ ለልጆቻቸው ማርክ ፈልገው ይሆናል አልኩ። ብስክሌት ጠጋኙ ግን ልጅ የለውም። ከዚያ ለሽበቴ አዝነው ይሆናል አልኩ። ከእኔ የባሰ ሽበት ያለው የሒሳብ መምህር ግን መረብ ኳስ ላይ በየሳምንቱ ይቀጠቀጣል።

ምስጢሩ የገባኝ ጨነቅ የሚባለው ተራራማ ቦታ ላይ ነው። ስምንተኛው ስፖርቴ የተራራ ጉዞ ነበር። ባለቤቴ በዝምድና የምታውቀው አንድ የደባርቅ በቅሎ ነጂ አብሮኝ ወጣ። እኔ በእግሬ ልሄድ ነው የመጣሁት፤ እሱ ግን በየመቶ እርምጃው "ጋሼ፣ ይውጡባት እንጂ፤ ይቺ በቅሎ ባዶዋን ስትሄድ ይከፋታል" ይለኛል። ሲያቅተው ጭላዳ ዝንጀሮ ላሳይዎ እያለ ያስቆመኛል፤ ጭላዳ አይቼ የማላውቅ ይመስል። ዳገቱ ወገብ ላይ ከበየዳ የሚመጣ አንድ ሽማግሌ ገበሬ አገኘን። በቅሎ ነጂው ወደ ጆሮው ጠጋ ብሎ አንድ ነገር ነገረው። ሽማግሌው ባርኔጣውን አወለቀና "እግዜር ይማርዎ ጌታዬ" ብሎኝ አለፈ።

እግዜር ይማርዎ የሚባለው ለበሽተኛ ነው። እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ጨነቅ ድረስ ወሬው ደርሷል ማለት ነው። የሚያውቀው ሰው ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ የንስሐ አባቴ ባለፈው ሳምንት ለንግሥ ደባርቅ ከርመው መመለሳቸው ትዝ አለኝ። ሁሉም ነገር ገጠመልኝ። ከልቤ መስፋት ይልቅ ይሄ አመመኝ።

ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ሳያቸው መሻገር ጀመርኩ። ቤተ ክርስቲያን በሌላ በር ገብቼ በሌላ በር እወጣለሁ። አንድ ቅዳሜ ጠበል ሊረጩ ቤታችን ሲመጡ በጓሮ ወጥቼ የገብስ ጭድ ክምር ጀርባ ቆምኩ።

ከሄዱ በኋላ ባለቤቴ መጣች። "ምን አደረጉህ?"

"ምስጢር አይይዙም" አልኳት።

"የምን ምስጢር?"

ጭዱን ከልብሴ ላይ አራገፍኩ። እሷም አልደገመችም፤ ፊቷን አዙራ ልብስ ከገመዱ ላይ ማውረድ ያዘች። ከተማውን በሙሉ የጠረጠርኩት ሰውዬ ይሄን አላስተዋልኩም።

ዘጠነኛውንም አሸነፍኩ። የቀረው አሥረኛው፣ የገና ጨዋታ ነበር። ሆን ብዬ ነው መጨረሻ ላይ ያስቀመጥኩት። በገና ጨዋታ ሹመትና ሽበት ቦታ የለውም፤ ዱላ ይዞ ሜዳ የገባ ሰው ሁሉ እኩል ይመታል፣ እኩል ይሰደባል። የንስሐ አባቴ ደግሞ በየዓመቱ ጥምጥማቸውን ፈትተው፣ ቀሚሳቸውን በመቀነት ሸብ አድርገው ለታች ሠፈር የሚጫወቱ፣ የማይቻሉ ሰው ናቸው። እኔ የላይ ሠፈር ነኝ። በልቤ ፈረድኩ፤ ዛሬ እኔ ላይ ዱላቸውን ካለዘቡ ማስረጃዬን አገኘሁ ማለት ነው። በሕዝብ ፊት አዋርዳቸዋለሁ፤ ሌላ የንስሐ አባት እይዛለሁ፤ ደጃቸውን አልረግጥም።

በገና ዕለት ቅዳሴው የሌላ ካህን ተራ ስለነበር እሳቸውም መጡ። ገብሱ በታጨደበት ማሳ ላይ ጨዋታው ተጀመረ። ሩሯ፣ የእንጨቷ ኳስ ማለቴ ነው፣ ወደ እኔ ስትመጣ ሌሎቹ ሁሉ እንደለመዱት ወደ ኋላ ሸሹ። ቀና ስል እሳቸው እየሮጡ ሲመጡ አየሁ። ይቆማሉ ብዬ ጠበቅሁ። አልቆሙም። ዱላቸው ቅልጥሜን አገኘው፤ ትከሻቸው ከትከሻዬ ጋር ተላተመና ገለባው ላይ በጀርባዬ ተዘረጋሁ። ሩሯን ነድተው አለፉ።

አንዲት ሴት ሜዳውን አቋርጣ ስትሮጥ አየሁ። ባለቤቴ ነበረች።

"አባ፣ ልቡን እኮ ነው የሚያመው!" አለች።

ሰዉ ሩሯን ትቶ ከበበን። የንስሐ አባቴ ተመልሰው መጡ። "እኔ የማውቀው ነገር የለም፤ ዱላ ይዞ የገባ ተጫዋች ነው" አሏት። እሷ ራሷ ከተናገረች በኋላ እንኳ ማወቃቸውን አላመኑላትም።

ያን ጊዜ አጠገቤ ተንበርክካ ሁሉንም አወጣችው። ክኒኑን ከጠመኔው ካርቶን ውስጥ አግኝታ ባዶውን ማሸጊያ ፋርማሲ ወስዳ ጠይቃለች። ከዚያ ልጫወት የሄድኩበት ሁሉ ቀድማኝ እየሄደች አደራ፣ አታስሩጡት፣ አታናድዱት እያለች ለምናለች። ለበቅሎ ነጂው ደውላለታለች። "አባም ጋ ሄጄ ነበር" አለች። "ስለ ባልሽ ጤና ከባልሽ አፍ ስሚ ብለው ከደጅ መለሱኝ።"

እኔ ያን ሁሉ ሳምንት የሸሸኋቸው ሰውዬ እጃቸውን ዘርግተው አነሡኝ። ሰዉ ወደ ሩሯ ሲመለስ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ብራራልህ ኖሮ ሜዳው ሁሉ ለምን ይለኝ ነበር ልጄ" አሉኝ። "የነገርከኝን በአፌ ብቻ ሳይሆን በዱላዬም መናገር አልችልም። ስመታህ ግን ነፍሴ ልትወጣ ነበር።"

ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል ትከሻዬን ይዘው ከለከሉኝ። መስቀላቸውን ከኪሳቸው አወጡና ግንባሬ ላይ አሳረፉት። ከወር በላይ ሳልሳለመው ቆይቼ ነበር። አፍሬ አንገቴን ደፋሁ።

"ቀኖናህስ?" አሉኝ።

ባለቤቴ ወደ ማሳው ዳር ተመልሳ፣ ለጨዋታው ያወለቅሁትን ጫማዬን ይዛ ቆማለች። እያነከስኩ ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩና ከጎንደር ጀምሬ ነገርኳት፤ ሐኪሟ ያለችኝን፣ አምባ ጊዮርጊስ ላይ የቀናሁበትን ሰውዬ፣ ማታ ማታ ደረቴን ይዤ የምፈራውን። እሷም ነጠላዋን አጣፍታ፣ ስለ ሕመሙ ምንም እንደማታውቅ ሆና እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።