የካሰል ሽማግሌዎችና የእኛ ዋንጫ

የጀርመኗ ካሰል ከተማ ሦስት ነገር አላት፦ ተራራ ላይ ራቁቱን የቆመ የመዳብ ጎልማሳ፣ እኔም ጓደኛዬም የማንቀምሰው የአሳማ ቋሊማ፣ እንዲሁም ተሸንፎ መሸነፉን የማያምን የበረዶ ሆኪ ቡድን። ይህን ሰላሳ ዓመት ሙሉ ስናገር ኖሬአለሁ። የምናገረውም እዚያው ካሰል ለሚኖረው የተማሪነት ጓደኛዬ ነው። እሱ ደግሞ እኔ በምኖርባት ፍራንክፈርት ውስጥ ሁለት ዓይነት ሰው ብቻ እንዳለ ይነግረኛል፤ ከረባት ያሰረ ሌባና ገና ያላሰረ ሌባ።

በመካከላችን አንድ ሕግ አለ። ሁለቱ ከተሞች በተጋጠሙ ቁጥር ከተማው የተሸነፈበት ሰው በዚያው ዕለት ስልክ ይደውላል፤ «እንኳን ደስ አለህ» ይላል። አሸናፊው ያሻውን ያህል ይሳለቃል፤ ተሸናፊው ስልኩን ሳይዘጋ ያዳምጣል። ከሕጉ ሁሉ ዋናው ይኸው ስልክ አለመዝጋት ነው። ጓደኛዬ አንድ ጊዜ የመንጋጋ ጥርሱን ተነቅሎ፣ ጉንጩ አብጦ ደውሎልኛል። ምን እንዳለ አንድም ቃል አልገባኝም፤ ቢሆንም ተቀበልኩት፣ ሳቅሁበትም።

በዚህ ጉዳይ ከማንም ተመልካች የበለጠ የመናገር መብት አለኝ ብዬ አምናለሁ። ወደዚህ አገር የመጣሁት ስለ አፈር ልማር ነበር። ትምህርቱ በፖለቲካ ስብሰባ አለቀ፣ ስብሰባው በጠብ አለቀ፣ እኔም በመጨረሻ በበረዶ አዳራሽ ተቀጠርኩ። አይስማይስተር ይሉታል፤ በጨዋታ መሃል በትልቅ መኪና እየዞረ የተቧጨረውን በረዶ የሚልግ፣ ውሃ አፍስሶ መስታወት የሚያስመስለው ሰው ነው። ለእናቴ በደብዳቤ «መሬት የሚያስተካክል መሥሪያ ቤት ገባሁ» ብዬ ጻፍኩላት። ሐሰት አልነበረም፤ መሬቱ በረዶ መሆኑን ብቻ ነው የደበቅኳት። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ስዞር ኖርኩ፤ በዚያ ሁሉ ዘመን አንድ ቀን እንኳ የበረዶ ሸርተቴ ጫማ እግሬ ላይ አላደረግሁም።

አንዲት ሴት ልጅ አለችኝ። ባለቤቴ «ሳይል» በሚባለው የገበያ ጎዳና ላይ ልብስ መደብር ትሠራ ስለነበር ልጄ ከትምህርት ቤት በቀጥታ እኔ ጋ ትመጣለች። ቤታችን ሪደርቫልድ ሰፈር ነው፤ አዳራሹ በእግር የሚደረስ ነው። ከመስታወቱ ግድግዳ ጀርባ ጥግ ላይ ትቀመጥና ጓንቷን ሳታወልቅ የቤት ሥራዋን ትሠራለች። በመኪናዬ በአጠገቧ ሳልፍ መስታወቱን ሁለት ጊዜ ታንኳኳለች፤ እኔ እጄን አነሳለሁ። አለቃዬ ሥራ ላይ ሰላምታ አይፈቀድም ብሎ ነበር። እኔ ግን እጄን ማንሳቴን አልተውኩም።

ይህች ልጅ አድጋ ከዓለም ዩኒቨርሲቲ ሁሉ መርጣ ካሰል ሄደች። ከካሰል ወንድ ሁሉ መርጣ ደግሞ የእኛኑ አገር ልጅ፣ እዚያው ተወልዶ ያደገውን፣ ከእናቱ ማኅፀን የካሰልን ቡድን ሻል አንገቱ ላይ ጠምጥሞ የወጣውን አገኘች። ወላጆቹ ወግ አጥባቂ ናቸው፤ ሽማግሌ እንልካለን አሉ። ማንን ይላኩ? እኔን የሚያውቀኝን፣ ጓደኛዬን።

ሦስት ሆነው የመጡት ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት በነበረው እሑድ ነው። መሪው ጓደኛዬ ነው። ሁለተኛው አርባ ዓመት ቢሮ ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ያልተዘጋ ፋይል አይተው የማይተኙ ሰው ናቸው። ሦስተኛው ጆሮአቸው የከበደ፣ ሰማንያውን ያለፉ አዛውንት ናቸው። እንደ ወጉ ተቀመጡ ስንላቸው አልተቀመጡም፤ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ። ሰላሳ ዓመት አንተ ሲለኝ የኖረው፣ በስልክ ያልሰደበኝ ስድብ የሌለው ጓደኛዬ ነጠላውን አስተካክሎ «እርስዎን አክብረን የመጣንበት ጉዳይ አለ» አለኝ። የካሰል ሰው ሳሎኔ ውስጥ ቆሞ ሲለምነኝ! እንዲህ ያለ ድል አዳራሹ ውስጥ አይቼ አላውቅም።

በመጀመሪያ ቀን እሺ የሚል የልጅ አባት እንደሌለ ሁላችንም እናውቃለን። ቀጠሮ ሰጥቶ መመለስ ነው ወጉ። ጓደኛዬም ካላንደሩን አውጥቶ «ከፋሲካ በኋላ የትኛው ቴርሚን፣ የትኛው ቀጠሮ፣ ይመችዎታል?» አለ። እኔ እዚህ ላይ አበላሸሁት።

«ከተማችን ዋንጫ ወስዳ፣ ቡድናችን በአደባባይ በሰልፍ የሚያልፍ ዕለት ኑ» አልኩ። «አንተም የፍራንክፈርትን ሻል አጥልቀህ ሰልፉን ከእኔ ጋር ትከተላለህ። የዚያን ዕለት ልጄን እሰጣለሁ።»

ቀልድ ነበር። ግማሹ ቀልድ ነበር። ቡድናችንን አውቀዋለሁ፤ በረዶ ላይ የቀረ ጭረት አይቼ የማን ጉልበት እንዳለቀ መናገር እችላለሁ። ያን ዓመት ግማሾቹ ጉልበታቸው አልቆ ነበር። እንኳን ዋንጫ፣ የመጀመሪያውን ዙር አያልፉም ብዬ ነበር። የቢሮው ሰውዬ ግን ብዕራቸውን አውጥተው ቃል በቃል ጻፉት። ፕሮቶኮል፣ ቃለ ጉባኤ ነው አሉ። ጽፈው ሲጨርሱ ቆመው አነበቡልኝና «ልክ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። «ልክ ነው» አልኩ፤ እየሳቅሁ። ሽማግሌዎቹ ሳይቀመጡ ወጡ። ባለቤቴ አልሳቀችም።

«በሽማግሌ ፊት ቀለድክ» አለችኝ በሩን ዘግታ። «ቃልህ እንደሆነ ተጽፏል።»

እውነቱን ልናገር፤ ፈርቼ ነበር። ልጁ ጥፋት የለበትም፤ ጨዋ ልጅ ነው፣ ሲያናግረኝ ይነሳል። ግን ልጄ ተማሪ ሳለች «ትምህርቱ ሲያልቅ ትመለሳለች» እያልኩ ነበር የምኖረው። አሁን የሚያልቅ ነገር አልነበረም። ልጄ ካሰል ልትቀር ነው፤ እኔና ባለቤቴ ሪደርቫልድ ውስጥ በሁለት ወንበር ልንቀር ነው። ይህን ለማንም መናገር ስላፈርኩ በሆኪ አሳበብኩ።

ከዚያ በኋላ ቡድኑ ማሸነፍ ጀመረ።

የሚያሳፍረውን የሕይወቴን ምዕራፍ የምጽፈው አሁን ነው። ጉልበታቸው አልቋል ያልኳቸው ሰዎች እንደ ጎረምሳ ሮጡ። የመጀመሪያውን ዙር አለፉ። ጓደኛዬ ደወለ፤ ካሰል ሳትጫወት፣ ሳትሸነፍ! «እንኳን ደስ አለህ» አለኝ። ድምፁ ውስጥ ሰምቼው የማላውቅ ደስታ ነበር። ሁለተኛውን ዙር አለፉ፤ አሁንም ደወለ። ለሰላሳ ዓመት ቡድናችንን የመንደር ውርጋጥ ሲል የኖረ ሰው የበረኛችንን ትከሻ ጤንነት ይጠይቀኝ ጀመር። እኔ ደግሞ ቤቴ ተቀምጬ በረኛው አንድ ቀን ቢያመው ምን ነበር እላለሁ። ለክፉ አይደለም፤ ጉንፋን ብቻ።

በግማሽ ፍጻሜው የደረሰን ካሰል ነበር። ልጄ ልትጠይቀን መጥታ ስለነበር አብረን አዳራሽ ገባን። ጓደኛዬ ካሰል ሆኖ በቴሌቪዥን ለፍራንክፈርት ይጸልያል፤ እኔ ፍራንክፈርት መሃል ተቀምጬ ለካሰል እጸልያለሁ። እግዚአብሔር የዚያን ቀን ሥራ በዝቶበት ነበር። ካሰሎች ቀድመው ግብ አገቡ፤ ሳላስበው እጄ አጨበጨበ። አጠገቤ ለዓመታት የተቀመጠው ጀርመናዊ ቢራውን አስቀምጦ ተመለከተኝ።

«ለበረዶው ነው» አልኩት በጀርመንኛ። «ዛሬ በረዶው በጣም ጥሩ ነው።»

ሰውዬው የድሮ አይስማይስተር መሆኔን ስለሚያውቅ አመነኝ። ልጄ ግን አላመነችኝም። ዘወር ብላ አየችኝና «ፓፓ፣ ካሰል ኢስት ኒሽት አሜሪካ» አለችኝ። ካሰል እኮ አሜሪካ አይደለም ማለቷ ነው።

«አሜሪካ ቢሆን ይሻለኝ ነበር» አልኳት። «እዚያ የምጠላው ቡድን የለኝም።»

ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋን አቆመችና እጄን ያዘች። ስታድግ አዳራሽ ውስጥ እጄን ይዛ አታውቅም፤ እጄ ሁልጊዜ መሪ ላይ ነበር። እጄን እንደያዘች የእኛዎቹ ሦስት ግብ አከታትለው አገቡ። ዙሪያችን ያለው ሰው ሁሉ ተነስቶ ጮኸ፤ እኔም ተነሳሁ፣ ተቀምጬ ብቀር ይደበድቡኝ ነበር።

ፍጻሜውን አልተርከውም። አሸነፍን። ብዙ ዓመት የጠበቅሁት ዋንጫ መጣ፤ እኔ ቤቴ ውስጥ ሐዘን እንደተቀመጠ ሰው ተቀመጥኩ። ፋሲካ አልፎ ነበር፤ በጾም አመካኝቼ የማስተላልፈው ቀንም አልነበረኝም። የቢሮው ሰውዬ የሰልፉን ቀንና ሰዓት ከከተማው ማስታወቂያ አግኝተው በደብዳቤ ላኩልኝ። ከታች «በፕሮቶኮሉ መሠረት» የሚል ነበረበት።

በሰልፉ ቀን መሃል ከተማ ሃውፕትቫኸ አደባባይ፣ የምድር ባቡሩ ደረጃ አፍ ላይ ቆሜ ጠበቅኋቸው። የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ነው፤ ባቡሩ ዘግይቶ ወደ ሦስት ሰዓት ገደማ ፈጀባቸው። በልቤ ጨርሰው ባይመጡ ብዬ ነበር። ከደረጃው ሲወጡ ሦስቱም ሱፍ ለብሰው፣ ነጠላ ደርበው ነበር። አደባባዩ በሻልና በባንዲራ ተሞልቷል። አንድ የመጨረሻ ተስፋ ነበረኝ፤ ጓደኛዬ ኩሩ ነው፣ ሻሉን አይነካም። አውጥቼ ሰጠሁት። እጁ ላይ ይዞ ትንሽ አየው። ከዚያ ከነጠላው በላይ አጠለቀው።

«እርስዎ እንዳዘዙ» አለኝ። የቢሮው ሰውዬ ፎቶ አነሱት፤ ለአክቴው፣ ለፋይሉ ነው አሉ። ያ ፎቶ በኋላ ካሰል ደርሶ፣ አዳራሽ ውስጥ ከጓደኛዬ አጠገብ የሚቀመጡት ሰዎች አንድ ዓመት ሙሉ ሰላምታ ነስተውታል።

ጣራው ክፍት የሆነው አውቶቡስ ተጫዋቾቹን ጭኖ መጣ፤ አንዱ ዋንጫውን ከራሱ በላይ ከፍ አድርጎ ይዟል፣ ሕዝቡ እየዘመረ ይከተላል። ጆሮአቸው የከበደው አዛውንት በዝማሬ ታጅቦ የሚያልፍን ነገር እንደ ታቦት ማክበር የለመዱ ሰው ናቸው። ኮፍያቸውን አወለቁ፣ አማተቡ፣ እስከ ወገባቸው ዝቅ ብለው እጅ ነሡ። ከአጠገባችን የነበሩት ጎረምሶች ተያዩ፤ ከዚያ እነሱም ቢራቸውን እንደያዙ ለዋንጫው እጅ ነሡ። አዛውንቱ ቀና ብለው «ደግ ሕዝብ ነው» አሉኝ። ጓደኛዬ መሃላችን ሆኖ እየጮኸ ይዘላል። የካሰል ሰው፣ በስልሳ ስምንት ዓመቱ፣ በፍራንክፈርት ድል፣ ማዘጋጃ ቤቱ አደባባይ፣ ሮመርበርግ እስክንደርስ ዘለለ። ልጄን ለጠየቀው ልጅ ብሎ ነው የዘለለው፤ የእሱ ልጅ እንኳ አይደለም። እኔ ለገዛ ልጄ ይህን ያህል መዝለሌን እንጃ።

ቤት ስንደርስ እንደገና አንቀመጥም ብለው ቆሙ። የቢሮው ሰውዬ ፕሮቶኮሉን አነበቡ፤ ሰልፍ፣ ተፈጽሟል፤ ሻል፣ ተፈጽሟል። ከዚያ ወረቀቱን አጠፉ። ባለቤቴ አየችኝ። ሦስቱ ሽማግሌዎች ደክሟቸዋል፤ አዛውንቱ በከዘራቸው ላይ ተደግፈዋል። እኔ ወንበሮቹን አንድ በአንድ አስተካከልኩ፤ እምቢ ማለቴ አልነበረም።

የሳሎናችን በር መስታወት አለው። ልጄ እንደ ወጉ ከውጭ ኮሪደሩ ላይ ሆና ትጠብቅ ነበር። መስታወቱን ሁለት ጊዜ አንኳኳች።

እጄን አነሳሁ።

«ፈቅደዋል ማለት ነው?» አሉ የቢሮው ሰውዬ፤ ብዕራቸውን ይዘው።

«ፈቅዷል፣ ተቀመጡ» አለች ባለቤቴ። ተቀመጡ። አዛውንቱ መረቁን፤ ምርቃታቸው ረጅም ነበር፣ መሃሉ ላይ ቡድኑንም መረቁት።

ማታ ላይ ሄዱ። ልጄም አብራቸው ሄደች፤ በማግስቱ ሥራ ነበራት። ከተማው ገና ጥሩንባ ይነፋል። ስልኬን አነሳሁና ጓደኛዬ ጋ ደወልኩ፤ ባቡር ውስጥ ነበር።

«እንኳን ደስ አለህ» አልኩት።

«ዋንጫው እኮ እናንተ ጋ ነው» አለኝ። ሽምግልናው ስላበቃ ወደ «አንተ» ተመልሶ ነበር። «የምትደውለው ምን ሆነህ ነው?»

«ማን እንደተሸነፈ አውቃለሁ» አልኩት።

የሚያጽናናኝ ነገር ይላል ብዬ ጠበቅሁ። «እንግዲያው ስማኝ» አለ። «አዳራሻችን ውስጥ ወንበር ይዤላታለሁ። ከእኔ አጠገብ፣ መስታወቱ ጋ። የካሰልን ሻልም አሁን እዚሁ ባቡር ላይ ሰጠኋት፤ አድርጋዋለች። ያምርባታል።»

በሰላሳ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ስልኩን ዘጋሁበት።